ጉንፋኑ ሄዶ ሳሉ ሲቀር

ለወሊድ መከላከያ ወይም ለእርግዝና ክትትል ወደ ክሊኒክ ስትመጡ ከምንጠይቃችሁ ጥያቄዎች ሁሉ የማትጠብቁት «ሳል አለሽ? ከጀመረሽ ስንት ሳምንት ሆነሽ?» የሚለውን ሳይሆን አይቀርም። ለማህፀን ጉዳይ የመጣ ሰው ስለ ሳንባው ለምን ይጠየቃል የሚል ማጉረምረም አልፎ አልፎ እሰማለሁ። ጥያቄው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ለማስረዳት አንድ ባልና ሚስት ልጥቀስላችሁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ።

ሚስት የሦስት ወር መርፌዋን ልትወጋ ስትመጣ ባልም አብሯት ገባ። ይህ በራሱ ደስ ያሰኛል፤ ውጭ ቆሞ የሚጠብቀው ባል ይበዛልና። ገና ሳይቀመጥ እንዲህ አለኝ፦ «ሲስተር፣ ይህቺ ሴት ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ከገበያ የገዛችውን ተሸክማ ዳገቱን ሳታርፍ ትወጣ ነበር። በታኅሣሥ ጉንፋን ይዟት ከተነሣች ወዲህ ግማሽ መንገድ ላይ ቁጭ ትላለች። ልብስ አጥባ ሳትጨርስ ትተኛለች። ተመርመሪ ብያት ተመረመረች፤ ምንም የለብሽም ተባለች። እንግዲህ ምን ልበል?» ሚስት ወለሉን እያየች «እኔ አልዋሸሁም» ብቻ አለች።

«ምንም የለብሽም» ያልኳት እኔው ነበርኩ። ከሁለት ወር በፊት ሳሉ ሳይለቃት መጥታ አክታዋ ተመርምሮ ከሳንባ ነቀርሳ ነፃ ሆነ፤ ራጅ ተነሣች፤ ንጹሕ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ያንን ቃል ተናገርኩ። ቃሉ እቤት ሲደርስ ግን «ሰነፍ ነሽ» የሚል ትርጉም ሰጠ። ዛሬ ቢሆን «ነቀርሳ የለብሽም፤ ለምን እንደሚደክምሽ ግን ገና አላወቅንም» እላት ነበር። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሳንባ ሁለት ሥራ አለው

ብዙዎቻችን ሳንባን እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ አድርገን እናስበዋለን። ወናፍ ሥራው አንድ ነው፤ አየር ማስገባትና ማስወጣት። ሳንባም ይህን ይሠራል። አንድ አዋቂ ሰው ዐርፎ ተቀምጦ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በአንዱ ትንፋሽ ግማሽ ሊትር ያህል አየር ያስገባል። ሁለተኛው ሥራ ግን ከዚህ ይረቃል። ከ300 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች በሳንባ ውስጥ አሉ። ግድግዳቸው እጅግ ስስ ነው። ኦክስጅን በዚያ ስስ ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ይገባል፤ የተቃጠለው አየርም በዚያው ተመልሶ ይወጣል።

ከዚህ በመነሣት የምርመራዎቹን ልዩነት መረዳት ይቻላል። ራጅ የሳንባን መልክ እንጂ ሥራውን አያሳይም። ስፓይሮሜትር የሚባለው መሣሪያ የመጀመሪያውን ሥራ ይለካል። ሰውየው የቻለውን ያህል አየር ስቦ በኃይል ወደ ቱቦው ይተነፍሳል፤ በመጀመሪያዋ ሰከንድ ምን ያህሉ እንደወጣ፣ በጠቅላላም ስንት ሊትር እንደሆነ ይነበባል። ጤነኛ ሰው በዚያች ሰከንድ ከያዘው አየር ከመቶ 70 በላይ ያወጣል፤ ወጣት ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በጣም ካነሰ የአየር ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው፤ አስም ያለበት ሰው ላይ የምናየው ይህን ነው። በመጀመሪያዋ ሰከንድ የሚወጣው ድርሻ ደህና ሆኖ ጠቅላላው ሊትር ብቻ ካነሰ ሳንባው ጠንክሮ እንደ ልብ አልተነፋም ብለን እንጠረጥራለን። ሁለተኛውን ሥራ፣ ማለትም አየር ወደ ደም ማለፉን የሚለካው መሣሪያ ግን ከዚህም የበለጠ ብርቅ ነው። በአገራችን የሳንባ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን የማሠልጠን ሥራ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ መሣሪያውና ባለሙያው በየከተማው አለመዳረሱ ስለዚህ አያስገርምም።

ቫይረስ ምን ያደርጋል?

ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛም ሆነ ኮሮና የአየር ቧንቧውን የውስጥ ሽፋን ይልጣል። ሽፋኑ ላይ አክታንና አቧራን ወደ ላይ የሚጠርጉ ጸጉር መሰል ነገሮች አሉ፤ እነርሱም አብረው ይረግፋሉ። ቫይረሱ ከሰውነት ከወጣ በኋላ ሽፋኑ እስኪተካ ሳምንታት ይፈጃል። በዚህ መካከል ከሥር ያለው ነርቭ የተጋለጠ ቁስል ይመስል ይቆጣል። የጠዋት ብርድ፣ የምጣድ ጭስ፣ የበርበሬ ሽታ፣ ሣቅ እንኳ ሳል ይቀሰቅሳል። ከጉንፋን በኋላ ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት የሚቆይ ደረቅ ሳል ይህ ነው። አብዛኛው በራሱ ይጠፋል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው አሞክሳሲሊን አያሳጥረውም፤ ቫይረስን አይገድልምና። ማርና ዝንጅብል ከአሞክሳሲሊኑ ይሻላል፤ ቢያንስ ጉሮሮ ያለሰልሳል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።

ከዚህ የከበደም አለ። ቫይረሱ እስከ ከረጢቶቹ ድረስ ዘልቆ የሳንባ ምች ያስከተለ እንደሆነ ስሱ ግድግዳ ያብጣል፤ አንዳንዴም ጠባሳ ይተዋል። ኮሮና በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የተለየበትን፣ የሚሊኒየም አዳራሽም ታማሚ ማስተኛ የሆነበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። ያን ጊዜ ሆስፒታል ተኝተው የወጡ ሰዎችን በልዩ ልዩ አገሮች ተመራማሪዎች ተከታትለዋቸዋል። ከሁሉ ይልቅ ቀንሶ የተገኘው ያ ሁለተኛው ሥራ፣ የአየር ወደ ደም ማለፍ ነበር። በብዙዎቹም ከወራት በኋላ ተሻሽሏል። በሌላ በኩል እቤታቸው ቀላል ሕመም ታመው የዳኑ ብዙ ሰዎች ሲለኩ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ሳለ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ይደክማቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ለዚህ ሕመም መግለጫ ሰጥቶታል፤ ከሕመሙ መነሻ ሦስት ወር ካለፈ በኋላም ያለ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የቆየና በሌላ በሽታ ሊገለጽ የማይችል ምልክት ነው ብሏል። ስለዚህ ልኬቱ ደህና ነው ማለት ሕመምተኛው ይዋሻል ማለት አይደለም።

«በሌላ በሽታ ሊገለጽ የማይችል» የምትለዋን ቃል ግን አስምሩባት። ስንፈራ የምንኖረው የተገላቢጦሹን ነው፤ ጉንፋን ነው ሲባል የከረመው ሌላ ሆኖ መገኘቱን። በአገራችን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ሁሉ አክታውን መመርመር አለበት። ምርመራው በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ፣ ክብደት መቀነስና ደም የተቀላቀለበት አክታ ካለ ደግሞ ሁለት ሳምንትም አትጠብቁ። «ሰው ቢያየኝ ነቀርሳ ይዞታል ይለኛል» ብሎ ተደብቆ የሚያስል ባል ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚያድረው።

ከግቢው ዙሪያ ሦስት ጊዜ

ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ። ስፓይሮሜትር አልነበረንም። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ግን ነበረ። ዐርፋ ተቀምጣ ለካኋት፤ ኦክስጅኗ 94፣ የልብ ምቷ 84 ነበር። (መለኪያውን ገዝታችሁ እቤት ላስቀመጣችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። በቆላ የሚጠበቀው 95ና ከዚያ በላይ ነው፤ እዚህ ጤነኛ ሰው ላይ 92 ወይም 93 ቢነበብ አያስደነግጥም። ዐርፎ ተቀምጦ ከ90 በታች ከሆነ ግን ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። የጥፍር ቀለምና እንሶስላ ንባቡን ያዛባሉ፤ ብርድ የመታውን ጣትም አስቀድማችሁ አሙቁት። ደጋ ላይ መኖርን ስናነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የሰሜን ተራሮች ነዋሪዎች ኦክስጅናቸው በአማካይ 95 ነጥብ 3 ሆኖ አግኝቶታል። ይህ በባሕር ጠረፍ ያለ ሰው ልክ ነው። የአገሬ ደገኛ እንዲህ ነው።)

ከዚያ ባልየውን «እርስዎም ይነሡ፤ አብረዋት ይራመዱ» አልኩት። የክሊኒኩን ግቢ ሦስት ጊዜ ዞሩ። እኔ ትንፋሽ ቆጠርኩ። ሲመለሱ ኦክስጅኗ 93 ነበር፤ ማለት ብዙም አልወረደም። የልብ ምቷ ግን 136 ደርሷል፤ ትንፋሿ በደቂቃ 32። የእሱን ስንለካ 92 ምት ነበር። መለኪያውን እጁ ላይ ይዞ ሁለቱን ቁጥር ሲያስተያይ ቆየ። «አንድ መንገድ ነው እኮ የሄድነው» አለ።

ደሟንም ለካን፤ ሄሞግሎቢኗ 9 ነጥብ 6 ሆነ። ዓመት ተኩል ከሆነው ከመጨረሻ ልጇ ወዲህ የደም ማነስ ነበረባት፤ እኛም አላየንላትም። ኦክስጅን ከሳንባ ቢገባም የሚሸከመው ደም አንሷል፤ ሦስት ሳምንት ተኝታ ጡንቻዋ ላልቷል፤ ስትተነፍስም በትከሻዋና በደረቷ ጫፍ ብቻ ቶሎ ቶሎ ነበር። ሐኪም ልቧን ሰማ፤ ደህና ነው አለ። በኋላ ለዘመድ ጉዳይ አዲስ አበባ ሄዳ በስፓይሮሜትር ስትለካ ውጤቷ ጤናማ ሆነ። የብረት እንክብል ወሰደች፤ ትንፋሽ ተለማመደች፤ በቀን ጥቂት ጥቂት እየጨመረች ተራመደች። አምስት ወር ግድም ወሰደባት። እስከዚያው ድረስ ውኃውንና የገበያውን ዕቃ ባል ያዘ።

ልምምዱ ቀላል ነው። ተደግፋችሁ ተቀመጡና አንድ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። በአፍንጫ ስትስቡ እጁ ወደ ውጭ ይገፋ፤ ስታወጡ ከንፈራችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ቀስ ብላችሁ አውጡ። የማውጫው ጊዜ ከማስገቢያው እጥፍ ይሁን። ዳገት ላይም ሳትቆሙ በፊት ይህን ጀምሩ። እርምጃ ስትጨምሩ ለነገው የሚተርፍ ጉልበት ይቅርላችሁ፤ አንድ ቀን በርትቶ ሠርቶ ሦስት ቀን የሚተኛ ሰው ካለፈው ሳምንቱ ልክ በታች ይውረድ።

ስለ ጭስ

በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አገራችን ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ «የኅዳር በሽታ» የተባለው እሱ ነው። አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንንም ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ እየተለቀመ የሚቃጠለው ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ ነው። ጽዳቱ መልካም ነው፤ እኔም እቤቴ እጠርጋለሁ። ፌስታልና ጎማ የገባበት ጭስ ግን የታመመ ሳንባ ጠላት ነው። ሳል ያለበት ሰው ያን ዕለት በር ዘግቶ ቢቀመጥ የሚሻል ይመስለኛል።

ከዓመት አንዴ ከሚመጣው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የየዕለቱ ጭስ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ከሰሉ ወደ ቤት ይገባል፤ እንጀራ በኩበትና በእንጨት ይጋገራል። ጋጋሪዋም ሁልጊዜ ሴት ናት፤ ጀርባዋ ላይ ሕፃን ያዘለች። ከቫይረስ ያገገመ የአየር ቧንቧ በዚህ ጭስ መካከል ሽፋኑን ሊተካ አይችልም። ጭስ ማውጫ ያለው ማድቤት መሥራት ባይቻል ምድጃውን ወደ በሩ ማስጠጋት፣ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ ጭሱ ሲያበቃ ማስገባት ይቻላል። የከሰል እሳት ያለበት ክፍል ዘግቶ መተኛት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ይገድላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ መታጠንም አስም ያለበትን ሰው ሊያስነሣበት ይችላል፤ በፈላ ውኃም የሚቃጠል ልጅ አይጠፋም።

እርግዝናና የወሊድ መከላከያ

እርጉዝ ሴት ትንፋሽ ማጠሯ የተለመደ ነው። ማህፀን ደረትን ከሆድ የሚለየውን ጡንቻ ወደ ላይ ይገፋል፤ የእርግዝና ሆርሞንም ትንፋሽን ያረዝማል። ይህ ቀስ በቀስ ይመጣል፤ ዐርፋ ስትቀመጥም ይተዋታል። ተኝታ የሚብስባት፣ ሌሊት አፍኖ የሚቀሰቅሳት፣ ሳል ከእግር እብጠት ጋር የያዛት ከሆነ ግን «ጉንፋን የተወው ነው» አትበሉ። በልጅነት ከቶንሲል ሕመም በኋላ የልብ በራቸው የተጎዳ ብዙ ወጣት ሴቶች በአገራችን አሉ፤ ራሳቸው አያውቁትም። በእርግዝና የደም መጠን በግማሽ ያህል ሲጨምር የተጎዳው ልብ መሸከም ያቅተዋል። የመጀመሪያ ምልክቱም ሳልና ትንፋሽ ማጠር ይሆናል። ሳሉ ሳይለይለት ልታረግዝ ያሰበች ሴት ጥቂት ወር ብታቆይ፣ እስከዚያም መከላከያ ብትጠቀም እመክራለሁ።

መከላከያውን ስትመርጡም ሳንባችሁን ንገሩን። የነቀርሳ መድኃኒት ከጀመራችሁ በውስጡ ያለው ሪፋምፒሲን ጉበትን አትግቶ የወሊድ መከላከያ እንክብልን ሆርሞን ቶሎ ያስወግዳል፤ እንክብሉን ሳታቋርጥ እየዋጠች ያረገዘች ይኖራል። ክንድ ላይ የሚቀበረውም ኃይሉ ይቀንሳል። የሦስት ወር መርፌና ሉፕ ግን አይነኩም። ኮንዶምም እንዲሁ።

ሌላው የደም መርጋት ነው። ከባድ ኮሮና ታሞ ለረጅም ጊዜ የተኛ ሰው፣ የወለደችም ሴት በስድስት ሳምንቷ ውስጥ፣ እግር ላይ ደም ሊረጋባቸው ይችላል። የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ይወሸቃል። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ከታመመ፣ ትንፋሽ በድንገት ካጠረ፣ ደረት ሲተነፍሱ ከወጋ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ሂዱ። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠማት ሴት ሁለት ሆርሞን ያለበትን እንክብል መውሰድ የለባትም። እንክብል ሲሰጣችሁ ያለፈውን ሕመም ሁሉ ካልጠየቅናችሁ እናንተው ንገሩን።

ማንም የማያነሣው

አንድ ነገር ቀረኝ። የወለዱ ሴቶች ሲያስሉ ሽንት ያመልጣቸዋል። ለባል አይነገርም፤ ለእኛም የሚነገረው በር ላይ ሲደርሱ ነው። አንዲት እናት በዚህ ምክንያት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታ ነበር። ሌላዋ ከባሏ ተለይታ መሬት ላይ ትተኛ ነበር፤ ባል ጠልታኝ ነው ብሎ ሽማግሌ ሊልክ ሲል ነው ነገሩ የተገለጠው። በወሊድ የላላው የዳሌ ወለል ጡንቻ ለወራት በሚቆይ ሳል ሲመታ የሚሆን ነው እንጂ ነውር አይደለም።

ሽንት ለማቆም እንደሚደረገው ጡንቻውን ጨምቃችሁ አምስት ድረስ ቁጠሩና ልቀቁ፤ ዐሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ሳል ሊመጣ ሲል ደግሞ አስቀድማችሁ ጨምቁ። ሦስት ወር ሠርታችሁ ለውጥ ካላያችሁ በቀጠሯችሁ ቀን ንገሩን፤ በሩ ላይ ሳይሆን ተቀምጣችሁ።